ከካሜራው ጋር የሸጥኩት ካርድ

ይህን ነገር ከነምክንያቱ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሆነውን የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፤ የነገርኳት እኔው ነኝ። ለምን እንዳደረግሁት ግን እሷም አታውቅም። ስትጠይቀኝ የመለስኩላት ሌላ ነገር ነው።

እኛ ቸርች የንስሐ አባት የሚባል የለም። ጥፋትህን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ትናገራለህ። ተናግሬያለሁ። ተንበርክኬም፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬም፣ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እየደረደርኩም ተናግሬያለሁ። እሱ ግን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ለሚያውቅ መናገር አይከብድም። የሚከብደው ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ነው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። መፍረድም ትችላላችሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። ኮልፌ ተወልጄ ኮልፌ ያደግሁ፣ አሁን ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የምኖር ፋርማሲስት ነኝ። ከሥራና ከቸርች ውጪ አንድ ፍቅር ነው ያለኝ፤ ካሜራ። ፎቶ ማንሳት እንዳላልኩ ልብ በሉልኝ። ካሜራ ነው ያልኩት። ይህን ልዩነት ለራሴ አምኜ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በስልክ የምንገናኝበት ግሩፕ አለን። ካሜራና ሌንስ የምንገዛ፣ የምንሸጥ፣ የምንለዋወጥ ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን በፎቶ እንጀራ የምንበላ አይደለንም። መሐንዲስ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ። አንዱ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል፤ እሱን ለመግዛት ሌላው የራሱን ይሸጣል፤ ያንን የሚገዛው ደግሞ በእጁ ያለውን ለሌላ ያስተላልፋል። አንድ ጥሩ ሌንስ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያ ባለቤቱ ሲመለስ አይቻለሁ። ሰውየው «ናፍቆኝ ነበር» ብሎ ገዛው። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ሸጠው። ማናችንም አልሳቅንበትም። ሁላችንም እንደዚያው ስለሆንን ገባን።

ሳጥን አልጥልም። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ ባዶ ሳጥን ይበዛል። የስክሪኑን ላስቲክ አልልጥም፣ ማንጠልጠያውን ከማሸጊያው አላወጣም፣ ለማንም አላውስም። ገና እየገዛሁት ስለመሸጡ ነው የማስበው። ማስታወቂያ ሳወጣም እንደ መኪና «በሴት የተያዘ» ብዬ እጽፋለሁ። ይሠራል። ወንዶቹ ሴት ዕቃ አትጎዳም ብለው ያምናሉ።

«ጥሩ ከሆነ ለምን ትሸጪዋለሽ?» ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። «የተሻለ ልገዛ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። እውነቱ፣ ካሜራው ገና መንገድ ላይ እያለ እኔ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነኝ። ስለሱ አነባለሁ፣ ሌሎች ያነሱበትን አያለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሐሳቤ የሰውን ፊት አነሳለሁ። ያኔ ያለችው ሰናይት ዓይን ያላት፣ ትዕግሥት ያላት፣ ሌላው ያላየውን የምታይ ሴት ናት። ከዚያ ካሜራው ይመጣል። አነሳለሁ። የማየው ፎቶ ያው የኔ ፎቶ ነው። ትንሽ የጠራ ይሆናል፣ ግን የኔው ነው። በእጄ ያለው ካሜራ ማን እንደሆንኩ ይነግረኛል። ገና ያልገዛሁት ግን እንደዚያ ብሎ አያሳፍረኝም። እናም ያለኝን እሸጣለሁ፣ የሌለኝን እጠብቃለሁ። ይህን ሱስ ብትሉት አልጣላችሁም።

አሁን ስለ ሐያት ልንገራችሁ።

ሐያትና እኔ ኮልፌ በአንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ በራችን ጎን ለጎን ነበር። እናቷ እማማ ነፊሳ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጡ ነበር። የኔ እናት ጸሎት ስትሄድና ስታመሽ የምውለው እሳቸው ቤት ነው። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። እና ሥጋ የተሠራ ቀን እማማ ነፊሳ ለእኔ ብቻ ሽሮ ለብቻ ይሠሩልኛል። አንድ ቀን ሐያት ከሷ ሳህን ሥጋ ልታጎርሰኝ ስትል ደርሰው እጇን መቱት። «የሰው አደራ ናት! እናቷ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አሏት። አደራ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ይመስለኛል። እኔ ነበርኩ አደራው።

እማማ ነፊሳ ፎቶ አይወዱም። ካሜራ ካዩ ሻሻቸውን ጎትተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። «የኔን ፊት ማን ሊያየው ነው?» ይላሉ። ያላቸው አንድ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ነው። እሱም ላይ ዓይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ገጥሞ፣ ፖሊስ የጠራቸው ነው የሚመስሉት።

ሐያት የምታገባ ጊዜ ወደ ፋርማሲ መጣችና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ሰኒ፣ የኒካሁ ቀን ሴቶቹ ጋ የምታነሺው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ወንድ አይገባም። ስልክም አይገባም። ሁሉም ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ገልጠው ነው የሚቀመጡት። ያንቺ ካሜራ ብቻ ነው የሚገባው።»

«እሺ።»

«ፎቶዎቹን ለእኔ ትሰጪኛለሽ፣ ካንቺ ጋ ያለውን ታጠፊዋለሽ። ከኔ ሌላ ማንም አያየውም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ ሐዩ።»

በዕለቱ ሐያት በር ላይ ትልቅ ሰፌድ አስቀምጣ የሁሉንም ስልክ ሰበሰበች። ያጉረመረሙም ነበሩ፤ ግን እየሳቁ አስቀመጡ። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ውስጥ ድቤ ይመታል፣ ሂና ይቀባል፣ ሽቶውና ሙቀቱ አንድ ላይ ሆኖ ሌንሱን ያላብሰዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ክርስቲያን እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚደበቀኝ አልነበረም። እስከዛሬ በዚያ መጠን የታመንኩበት ቦታ የለም።

እማማ ነፊሳ እጃቸውን እየጠረጉ ከማድቤት መጡ። ካሜራውን አይተው ሊመለሱ ሲሉ ሐያት ቀሚሳቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ ዛሬ ብቻ። ለኔ ስትይ።»

«ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«ለኔ ስትይ።»

አጠገቧ ተቀመጡ። ወደ እኔ ዞረው «ሰናይት፣ አሮጊት አድርገሽ እንዳታወጪኝ» አሉኝ። ሐያት ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ እንዲያ ሲስቁ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወደቀ። ቀጭን ሽበት ያለው ሹሩባ ነበራቸው፤ በልጅነቴ ሁሉ አብሬያቸው ኖሬ አይቼው አላውቅም። አንድ እጃቸው የልጃቸውን አገጭ ይዟል። አነሳሁ።

ስክሪኑን አየሁት። ያ ፎቶ የኔ አይመስልም ነበር። ካሜራ በጠበቅሁ ቁጥር በሐሳቤ የማነሳው ፎቶ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጥሩ ፎቶ አንስቻለሁ፤ እሱ ነው።

ያ ካሜራ ሁለት ካርድ ይይዛል፤ አንዱ ሲሞላ በራሱ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። የሴቶቹ ክፍል በሙሉ አንደኛው ካርድ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቼ ያነሳሁት፣ ሽማግሌዎቹ፣ መኪናው፣ ልጆቹ፣ ሁለተኛው ላይ ነው። ቤት ስገባ ደክሞኝ ነበር። ወደ ኮምፒውተር ሳልገለብጠው አደርኩ። ነገ አልኩ። በማግሥቱም ነገ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ግሩፑ ላይ አንድ ሰው ጻፈልኝ። ለረጅም ጊዜ የፈለግሁት ካሜራ ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ገብቷል፤ ቶሎ ካልወሰድኩ የሚወስደው ሌላ ሰው አለ። ልቤ እንዴት እንደመታ አሁንም አስታውሳለሁ። የራሴን ወዲያው ለሽያጭ አወጣሁ። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ከአስኮ አንድ ሰው ደወለ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አንድ ካፌ ተገናኘን። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሌንሱን ወደ መስኮቱ አድርጎ በብርሃን አየው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካ፣ «በደንብ ነው የያዝሽው» አለኝ። ደስ አለኝ። ካርዱን አውጥቼ ካሜራውን ሰጠሁት። ያወጣሁት ግን አንዱን ካርድ ብቻ ነው።

እንዴት ረሳሽ ትሉኛላችሁ። ሁለት ካርድ እንደሚይዝ አታውቂም ነበር? አውቃለሁ። ሲገዛ ለሰውየው ራሴ ነኝ ያስረዳሁት፤ «ሁለት ካርድ ይይዛል» ብዬ አሞግሼለታለሁ። ግን እያወራሁት ቀልቤ እዚያ አልነበረም። ቀልቤ ገና ያልያዝኩት ካሜራ ላይ ነበር።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ያወጣሁትን ካርድ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። መኪና። ሽማግሌዎች። ድንኳን ሥር የሚሯሯጡ ልጆች። ወደ ላይ ገፋሁ፣ ወደ ታች ገፋሁ። ሴቶቹ የሉም።

የሰውየው ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ መደወል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ፀጉራቸውን የገለጡ ሴቶች በማላውቀው ወንድ እጅ ናቸው ብዬ ሳስብ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ያኔ ፈርቼ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ፣ ያኔ ፍርሃት ነበር። ትንሽ ልረጋጋ ብዬ ተቀመጥኩ። እንደተቀመጥኩ ሐያት ደወለች።

«ሰኒዬ፣ ፎቶውስ? እማዬ እንኳ ጠየቀችኝ። 'ያቺ ልጅ አሮጊት አድርጋ አወጣችኝ ወይ?' እያለች ነው።»

«ሐዩ» አልኳት፣ «ካርዱ ተበላሸ።»

ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የነበረ ይመስል ወጣ።

«የሴቶቹ?» አለችኝ።

«የሴቶቹ።»

«አልሐምዱሊላህ፤ አንቺም ደህና፣ እኛም ደህና። ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። አታልቅሺ እሺ?»

እያለቀስኩ አልነበረም። አታልቅሺ ስትለኝ ነው ያለቀስኩት።

ያ ውሸት ነው። ውሸት መጥፎ ነው፤ ግን የምናዘዘው እሱን አይደለም። ለእሱማ መመለሻ ነበረው፤ መመለሻው ራሱ ደጄ ድረስ መጣ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአስኮው ሰውዬ ደወለ። እኔ ቤት ነበርኩ፤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። አዲሱ ካሜራ እጄ ላይ ነው። ፊት ለፊት ካለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ነበር፤ በሱ እየሞከርኩት ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ያዝኩት። ካሜራውን ማስቀመጥ አልፈለግሁም።

«ሄሎ እህቴ፣ ካሜራ የሸጥሽልኝ ነኝ። አንዱ ቦታ ላይ ካርድ ረስተሻል» አለኝ።

«እ?»

«ከፍቼ ሳይ ሴቶች ናቸው። ሰርግ ነው መሰለኝ። ወላሂ ወዲያው ነው የዘጋሁት፤ የሰው ቤት ገመና ነው ብዬ። ነገ ወደ ኮልፌ እወርዳለሁ፤ የት ላድርስልሽ?»

«አያስፈልግም» አልኩት። «አጥፋው።»

«ይጥፋ? ሰርግ እኮ ነው።»

«ኮፒ አለኝ። አጥፋው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ አዎ። አመሰግናለሁ።»

«እሺ፣ እንዳልሽ» ብሎ ዘጋ። እኔም ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

አጥፋው አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩ። እርግጠኛ ነሽ ሲለኝ ደግሞ አዎ አልኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። ካርዱን ተቀብዬ ለሐያት «ባለሙያ ጋ ወስጄው ዳነ» ብላት ኖሮ ውሸቴም አይታወቅም፣ ፎቶውም ይተርፍ ነበር። አያችሁ? መልካም መሆን እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ትንሽ የተሻልኩ ውሸታም ብሆን በቂ ነበር።

ሐያት አርግዛ እያለች እማማ ነፊሳ ታመሙ። ሕመሙ አላቆያቸውም። ወንዶቹ ለቀብር ሲወጡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ፤ ሐያት ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። እጇን ይዤ ነበር። እጇን የያዘው እጅ የማን እጅ እንደሆነ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወደ ፋርማሲ መጣች። ባንኮኒው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ሰኒ፣ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። «ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ መታወቂያዋ ላይ ያለው ነው። ያ የተበላሸው ካርድ አለሽ? መርካቶ ከተበላሸ ካርድ ውስጥ ፎቶ የሚያወጡ ሰዎች አሉ አሉኝ።»

«ልፈልገው» አልኳት።

ስትወጣ ለአስኮው ሰውዬ ደወልኩ። ስሜን ስነግረው አስታወሰኝ። ካርዱስ አልኩት።

«እንዳልሽኝ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ሞልቼ አጥፍቼበታለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ኮፒ አለኝ ብለሽኝ ነበር እኮ?»

«አለኝ» አልኩት። «እንዲያው ነው።»

እዚህ ላይ ቆሜ ለሐያት እውነቱን መናገር እችል ነበር። ምን አደረግሁ? አንድም ፎቶ ያልተነሳበት አዲስ ካርድ ከመሳቢያ አወጣሁ። በር ማጠፊያው መሃል አስገብቼ በሩን ጫን አልኩት። ቀጭ አለ። ጥፍሬን ተጠቅሜ ስንጥቁን ትንሽ አሰፋሁት። በማግሥቱ በመድኃኒት ፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። ፖስታውን ስማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ በዚያ ሆዷ መርካቶን ሱቅ ለሱቅ ዞረች።

ስትመለስ ፖስታውን መለሰችልኝ። «አልሆነም» አለች። ቦርሳዋን እየዘጋች፣ «አንዱ ባለሙያ ግን 'ይሄ ሰው የሰበረው ነው የሚመስለው' አለኝ።»

«ቦርሳ ውስጥ ተጫጭኖት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። «ያው ሞክረናል።» ከዚያ እኔን ልታጽናና ጀመረች። «ባክሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ አንቺ ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

አንቺ ምን አደረግሽ? ስንት ጊዜ ይህን ጥያቄ ለራሴ መልሼ እንደጠየቅሁ አልነግራችሁም።

ዓመታት አለፉ። ሐያት ሴት ልጅ ወለደች፤ ነፊሳ አለቻት። ካሜራዎቼ መጡ፣ ሄዱ። ያንን መስኮት ጋ ቆሜ የሞከርኩትን ካሜራ ለማን እንደሸጥኩት እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ከሐያት ጋር እንደ ድሮው ነን። በዒድ እሄዳለሁ፣ በገና ትመጣለች። እዚህ ድረስ በውሸቴ ላይ ቤት ሠርቼ እየኖርኩበት ነበር፤ የሚያፈስ ቤት ግን አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። ተመችቶኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ እነሱ ቤት ነበርኩ። ትንሿ ነፊሳ እናቷ ቦርሳ ውስጥ ስትበረብር መታወቂያውን አገኘችው።

«ይቺ ማናት?»

«አያትሽ ናት። ስምሽ የሷ ነው» አለቻት ሐያት።

ልጅቷ አቅርባ አየችው። ከዚያ ከራሷ አራቀችው። «ለምንድነው የተቆጣችው?»

ሐያት መታወቂያውን ተቀብላት አየችው። ፊቷን አየሁት። እና እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማውራት ጀመርኩ። «አልተቆጣችም። አያትሽ ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ነው የምትጥለው። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። ቀጭን፣ ሽበት ያለው ሹሩባ አላት። እጇ ደግሞ እዚህ ጋ፣ የእናትሽን አገጭ ይዟል...»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ትሰማኛለች። ሐያትም።

«ሰኒ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሻሿ መውደቁን እኔ አላስታውስም። አጠገቧ ነበርኩ። አንቺ እንዴት ይሄን ሁሉ አስታወስሽ?»

ያን ዕለት ስክሪኑ ላይ አየሁት ማለት እችል ነበር። እውነትም ነው። የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ልጅቷ ግን አሁንም ታየኛለች፤ ገና እንድጨምርላት ትጠብቃለች።

«ሐዩ፣ ካርዱ አልተበላሸም ነበር» አልኳት።

ልጅቷን ወደ ውጭ ላከቻት። ሁሉንም ነገርኳት። ካሜራውን፣ ውስጡ የረሳሁትን ካርድ፣ የአስኮውን ሰውዬ፣ በበር የሰበርኩትን አዲስ ካርድ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እናቷ አልነበረም።

«ሰውየው አየን?»

«አላየም። ወዲያው ዘጋሁት ነው ያለኝ። ታማኝ ሰው ነበር።»

«ላምጣልሽ ብሎሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አጥፋው አልሽው?»

ይህን ጥያቄ እጠብቀው ነበር። መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር።

«ፈራሁ» አልኳት። «መዋሸቴ እንዳይታወቅብኝ፣ ወንድ እጅ መግባቱን ሰምተሽ እንዳትጠዪኝ ፈራሁ።»

ሻሿን አስተካከለች። «አሁን ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ።

ብዙ ቀን ስልክ አላነሳችልኝም። መብቷ ነው አልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት ፋርማሲ ስትገባ አየኋት። የቆመ ሰው እስኪሸኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ባንኮኒው ጋ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ብዙ አሰብኩበት» አለችኝ። «ብዙ ተናድጄብሻለሁ። ግን ፈርተሽ ነው። ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። እማዬም ብትኖር 'ልጅቷ ፈርታ ነው' ነበር የምትለኝ። ለአላህ ብዬ አፉ ብዬሻለሁ።»

ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት።

አሁን ለማንም ወዳልተናገርኩት ደረስኩ።

አልፈራሁም። ካርዱ መጥፋቱን ባወቅሁበት ቀን ፈርቼ ነበር፤ ያንን ነግሬያችኋለሁ። ሰውየው በደወለበት ከሰዓት ግን አንድም ፍርሃት በውስጤ አልነበረም። ተረጋግቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ብርሃኑ ቆንጆ ነበር፣ ካሜራው አዲስ ነበር፣ የተሰጣው ልብስ በነፋስ እየተነሣ ነበር። የሰውየው ስልክ ረበሸኝ። ነገ መቀጣጠር፣ መቀበል፣ መገልበጥ፣ ለሐያት ደውሎ አንድ ነገር ማለት፤ ይህ ሁሉ ስለ አሮጌው ካሜራ ነበር፤ እኔ ግን አሮጌውን ካሜራ ጨርሼው ነበር። ሸጬዋለሁ። ስለ ሸጥኩት ዕቃ የሚደውል ሰው ሁልጊዜ ያሰለቸኛል። ያኔም ሰለቸኝ። አጥፋው ያልኩት ስለሰለቸኝ ነው። ቶሎ ዘግቼ ወደ መስኮቱ ልመለስ ስለፈለግሁ ነው።

ይኸው ነው። ከዚህ የከፋ ምሥጢር ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም። እኔም በውስጤ ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር፤ ቅናት፣ ክፋት፣ የሆነ የሚያስፈራ ነገር። የለም። የእማማ ነፊሳን ሳቅ ያጠፋሁት በአንድ ካሜራ ጨዋታ መሃል፣ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ለመስማት እንኳ ሙሉ ጆሮዬን ሳልሰጥ ነው።

ተውሽው ወይ ትሉኛላችሁ፤ መግዛቱን፣ መሸጡን። ሐያት ባቀፈችኝ ማግሥት ግሩፑን ከፍቼ ሳይ ራሴን አገኘሁት። አሁንም አያለሁ። ከናንተ አልደብቅም።

ሐያት አሁን እንደ ድሮው ትመጣለች። ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጅቷ ስለ አያቷ እንድነግራት ትለምነኛለች፤ እነግራታለሁ፤ ሐያት እየሰማች ፈገግ ትላለች። «አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግራት ነበር?» አለችኝ አንድ ቀን። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር የማይገባኝን ይቅርታ እንደገና እየወሰድኩባት ነው።

ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ማለት የምትችለው ሐያት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ይቅር ያለችው የፈራችውን ሴት ነው። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም።